ለትምህርት ፍላጎት የለውም

ሰኔ 1998 ዓ.ም. በአንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ካርድ ላይ፣ ለክፍል ኃላፊው አስተያየት በተተወችው መስመር፣ ሦስት ቃል ጻፍኩ፦ «ለትምህርት ፍላጎት የለውም።» ከሥሩ ስሜንና ፊርማዬን አኖርኩ። በዚያ ሰሞን ከስልሳ በላይ ካርድ መሙላት ነበረብኝ፤ ብዙዎቹ ላይ ምን እንደምል ቸግሮኝ ነበር። በዚህኛው ላይ ግን ለአፍታም አላመነታሁም። ይህ ኑዛዜ ስለዚያች መስመር ነው።

የልጁን ስም አልጽፍም። አንድ ጊዜ ስሙን ካርድ ላይ ጽፌ ያደረግሁትን አድርጌያለሁ፤ ሁለተኛ ያለፈቃዱ አላነሳውም።

ሐዋሳ የኖረ ሰው ሐይቁ ዳር ያለውን የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን፣ ያውቀዋል። ከሌላ አገር ዘመድ ሲመጣ የምንወስደው እዚያ ነው። ትልልቆቹ ዛፎች ሥር ተቀምጠን ዓሣ ጥብስና ሾርባ እናዛለን፣ የለመደ ሰው ጥሬውን በዳጣ ይበላል፣ ልጆች ጦጣና ጉሬዛ ያያሉ፣ አባ ኮዳዎቹ አንገታቸውን ቀብረው ሰው መሐል ይቆማሉ። የእንግዳው አሞራ ገደል ይህ ነው። ልጁ ከአጥማጅ አባቱ ጋር የሚያውቀውን አሞራ ገደል ለማየት ግን ጎህ ሳይቀድ መድረስ ያስፈልጋል። አጥማጆቹ አመሻሽ ላይ የጣሉትን መረብ ሊነጋ ሲል ይሰበስባሉ፤ ጀልባዎቹ ተራ በተራ ወደ ዳር ይደርሳሉ። ቆሮሶውን ከመረቡ ማላቀቅ ትዕግሥትና ቀጭን ጣት ይፈልጋል፤ የቸኮለ እጅ መረቡን ይቀደዋል። ስለዚህ ልጅ ያስፈልጋል። ቅርፊት መፋቅ አለ፣ ሆድ ዕቃ ማውጣት አለ፣ አምባዛውን ለይቶ ማስቀመጥ፣ ከገዢ ጋር ዋጋ መነጋገር፣ የተቀደደውን መረብ ለማታ ማድረስ አለ። ገበያው የሚደራው ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ነው።

የትምህርት ቤታችን ደወል ደግሞ ለ2 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ይደወላል። የሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት እንዳበቃ ዘበኛው በሩን ይዘጋዋል።

እነዚህን ሁለት ሰዓቶች ጎን ለጎን አድርጌ ያየኋቸው ልጁ ትምህርት ካቆመ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ የሚታየኝ አንዱ ብቻ ነበር። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ያረፍዳል። «ቲቸር፣ መረባችን ተቀዶ ነው» አለኝ አንድ ቀን። «ምክንያት አትደርድር» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ምክንያት ነግሮኝ አያውቅም። እኔም ዝም ማለቱን ግዴለሽነት ነው ብዬ ያዝኩበት።

ተማሪ አልመታም ነበር። ባልደረቦቼ አርጩሜ ይዘው ክፍል ሲገቡ እኔ ባዶ እጄን እገባለሁ፤ በዚህም ራሴን ከሌሎቹ የተሻልኩ አድርጌ አየው ነበር። ያልመታሁት ልጅ ላይ የጻፍኩት ግን ከየትኛውም ሰንበር በላይ ቆይቷል።

በየዓመቱ መስከረም አጋማሽ ላይ መቀመጫ እደለድል ነበር። ማንንም ገና አልፈተንኩም፤ የአንድም ልጅ ደብተር አላረምኩም። ሆኖም ፊት የሚቀመጡት ወዲያው ይታዩኛል ብዬ አምን ነበር። ዩኒፎርማቸው የተተኮሰ፣ ስጠይቅ እጃቸውን የሚያወጡ፣ በእንግሊዝኛ ሁለት ሦስት ቃል የማያቅታቸው ልጆች ናቸው። እሱን መስኮት አጠገብ፣ የመጨረሻው ዴስክ ላይ አስቀመጥኩት። አብራው የተቀመጠች ልጅ «ቲቸር፣ ዓሣ ዓሣ ይሸተኛል» ብላ ስለነበር ለሌሎቹ አስቤ ያደረግሁት ነው አልኩ። ጥቁር ሰሌዳው ከዚያ ይታየው እንደሆነ ግን አልጠየቅሁትም። ቤቱ በሲዳሙ አፎ ያወራል፣ ዓሣ ገበያ በአማርኛ ይደራደራል፣ እኔ ፊት ሲቀርብ በእንግሊዝኛ እንዲመልስ እጠብቃለሁ። በሦስተኛው ቋንቋ ቃል ሲያጣ ሐሳብ ያጣ ነበር የሚመስለኝ።

የማስተምረው ሥነ ዜጋ ነበር። የዚያ ዘመኑን መጽሐፍ ያስተማረ ሁሉ 11 ምዕራፎቹን ያስታውሳል፤ ሦስተኛው እኩልነት፣ ሰባተኛው ታታሪነት ነው። ታታሪነትን በማስተምርበት ቀን ልጁ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ ተኝቶ አገኘሁት። ትከሻውን ነካ አድርጌ አስነሳሁትና ለክፍሉ «የታታሪ ሰው ተቃራኒ እንዲህ ያለ ነው» አልኳቸው። ክፍሉ ሳቀ። እሱ ቀና ብሎ አየኝና የቀኝ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። አንጓው ላይ የተጣበቀች የዓሣ ቅርፊት በመስኮቱ ብርሃን አብረቀረቀች። ቅርፊቷን አየኋት። ምን እንደሆነች አውቃለሁ፣ ከየት እንደመጣችም አውቃለሁ፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ሲሠራ ላደረ ልጅ ምስክር እንደሆነች ግን አልገባኝም። በዚያ ክፍል ውስጥ ከሁሉም በላይ ታታሪ የነበረውን ሰው አስነስቼ ሰነፍ አልኩት።

ይህን ሁሉ ያደረግሁት በክፋት አይደለም፤ ይህን የምለው ጥፋቴን ለማቅለል ሳይሆን ከየት እንደመጣ ለማሳየት ነው። እኔ ራሴ የገበሬ ልጅ ነኝ። ትምህርት ከማሳ አንስቶ ደመወዝ ላይ አድርሶኛል፤ ስለዚህ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ያልገባ ያልፈለገ ነው ብዬ አምን ነበር። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ታልኮት ፓርሰንስ በ1959 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ክፍልን እንደ ትንሽ ኅብረተሰብ አድርጎ ሲጽፍ፣ ትምህርት ቤት ልጆችን በትውልዳቸው ሳይሆን በውጤታቸው ለይቶ ለየሥራቸው ያዘጋጃል የሚል ሐሳብ ነበረው። ስሙን ሳልሰማ የእሱ ተማሪ ነበርኩ። ስለ ራሴ የረሳሁት ነገር ደግሞ ነበር። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የኖርኩት ከተማ፣ አጎቴ ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ከደጃችን አይርቅም፤ ማታ ማታ አምፖል ይበራል፤ አጎቴ ጸሐፊ ስለነበር ቤቱ ውስጥ ጋዜጣ አይጠፋም። ጠዋት ከብት አላወጣሁም። ያለፍኩት በጉብዝናዬ ብቻ ነው ብዬ ሳስብ አጎቴን፣ አምፖሉንና የማለዳ እንቅልፌን ከሂሳቡ አውጥቼ ነው።

መስከረም 1999 የልጁ አባት መጣ። ካርዱን ራሱ ማንበብ አይችልም፤ ሐይቁ ዳር ሻይ የምትሸጥ ልጅ አንብባለት ነበር። የመማሪያ መጻሕፍቱን በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል። «መምህር፣ ልጁ ፍላጎት የለውም ብለው ጽፈውልናል» አለኝ። «እኔ አላወቅኩም ነበር። ማታ ማታ ደብተር ይዞ ሳየው የሚያጠና ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ካሉ እርስዎ ያውቃሉ። መጽሐፉን የሚፈልግ ልጅ ይውሰደው።»

መጻሕፍቱን ተቀበልኩ፤ ቆጠርኩ፤ መዝገቡ ላይ «ተመልሷል» ብዬ ፈረምኩ። የአንዱም ገጽ አልተቀደደም። አባትየው ከሄደ በኋላ ለባልደረባዬ «ኃላፊነት የሚሰማው ወላጅ ነው» ማለቴን አስታውሳለሁ።

አገራችን «የተማረ ይግደለኝ» ትላለች። እኔ ይህን አባባል ሁልጊዜ እንደ ምስጋና ነበር የምሰማው። ያ ሰው ግን ቃል በቃል አምኖበት ነው የመጣው። ማታ ደብተር ይዞ የሚያየውን የገዛ ዓይኑን ትቶ የእኔን ሦስት ቃል አመነ። ቢጠራጠረኝ ኖሮ፣ ቢጮህብኝ ኖሮ፣ ልጁ ስምንተኛ ክፍል ይገባ ነበር።

በ2002 የክረምት ትምህርት ላይ የትምህርት ሶሲዮሎጂ ወሰድኩ። ብዙዎቻችን ለደረጃ ዕድገት ስንል የመጣን መምህራን ነበርን፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ያደክመናል። አንድ ቀን መምህራችን ሬይ ሪስት የሚባል ተመራማሪ በ1970 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ጥናት ተረከልን። በአንድ የአሜሪካ ከተማ፣ በድሆች ሰፈር፣ መምህሯም ተማሪዎቹም ጥቁሮች የሆኑበት ትምህርት ቤት ነው። ሕፃናቱ በገቡ በስምንተኛው ቀን መምህሯ በሦስት ጠረጴዛ ለየቻቸው። ፈተና አልሰጠቻቸውም። በእጇ የነበረው ማን ንጹሕ ልብስ እንደለበሰ፣ ማን ምን ዓይነት እንግሊዝኛ እንደሚናገር፣ ማን ሽንት ሽንት እንደሚል፣ የማን ቤተሰብ በመንግሥት ድጎማ እንደሚኖር ነው። አንደኛው ጠረጴዛ ከሰሌዳው አጠገብ ሆነ፤ የመምህሯ ዓይንና ጥያቄ ወደዚያ ሄደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጆቹ በአብዛኛው በዚያው በተመደቡበት ረድፍ ላይ ነበሩ። አሁን ግን በመምህራኑ እጅ ውጤት ስላለ ክፍፍሉ ትክክል ይመስላል።

በስምንተኛው ቀን። እኔ ደግሞ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት። ጎኔ የተቀመጠው መምህር ማስታወሻ ይጽፋል፤ እኔ የመጨረሻውን ዴስክና መስኮቱን እያየሁ ነበር። ሽታው እንኳ አንድ ነው።

ከዚያ በኋላ የተሰጠንን ሁሉ ያነበብኩት ራሴን ፍለጋ ነው። የገጠር ፖስታ ቤት ሠራተኛ ልጅ የነበረው ፈረንሳዊው ፒየር ቡርዲዩ፣ ከዣን ክሎድ ፓስሮን ጋር በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትምህርት ቤት የአንዱን ቤት ቋንቋ፣ ልማድና አነጋገር ወስዶ የሁሉም መለኪያ ያደርገዋል ይላል። ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣው ነገር ክፍል ውስጥ ሲገባ ተሰጥኦ የሚል ስም ያገኛል፤ ያልያዘው ደግሞ ጉድለቱ የራሱ ነው ይባላል። የተገፋው ሰው ራሱ ፍርዱን አምኖ ሲቀበል ሥራው ያልቃል። ያን ገጽ ሳነብ በፌስታል የተጠቀለሉት መጻሕፍት ፊቴ ላይ መጡ። ሳሙኤል ቦውልስና ኸርበርት ጊንቲስ የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች ደግሞ በ1976 እ.ኤ.አ. የትምህርት ቤት ውስጥ ሥርዓት፣ ደወሉ፣ ሰልፉ፣ ለአለቃ መታዘዙ፣ የፋብሪካውን ሥርዓት እንደሚመስል ጻፉ። ይህን በደንብ የተረዳሁት ሐምሌ 2008 የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆ ሴቶች ተማሪዎቻችን በየማለዳው በአውቶቡስ ወደዚያ መጓዝ ሲጀምሩ ነው። ለ2 ሰዓት ሩብ ጉዳይ የሚደወለው ደወል ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም። ለቢሮና ለፋብሪካ የተሰፋ ሰዓት ነው። ሐይቁ የራሱ ሰዓት አለው፤ ልጁ ያንን ሰዓት አንድ ቀንም አላሳለፈም።

በእርግጥ ትምህርት ቤት ይህ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ኤሚል ዱርኬም ኅብረተሰብ ያለ ጋራ እምነትና ሥነ ምግባር አይቆምም፣ ይህንንም ለአዲሱ ትውልድ የሚያስተላልፈው ትምህርት ነው ሲል እውነት አለው። የሲዳማው፣ የወላይታው፣ የጉራጌው፣ የአማራው ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ሲቀመጡ በየዓመቱ አይቻለሁ፤ የገበሬ ልጅ የሆንኩት እኔም ምስክር ነኝ። የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ልጁን ያስወጣሁት ከማይረባ ቤት አይደለም፤ ከሚያስፈልገው ቤት ነው።

ከሁሉ በላይ ያሳፈረኝ የራሳችን ታሪክ ነው። በ1964 ዓ.ም. የተጠናው የትምህርት ሴክተር ሪቪው ለአብዛኛው ሕዝብ ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት የሚያስቀድም ዕቅድ አቀረበ። መምህራንና ወላጆች ይህ የድሃውን ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ የሚያስቀር ነው ብለው ተነሡ። የደመወዝ ጥያቄም ነበራቸው፤ ቢሆንም የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራን ሥራ ሲያቆሙ በአደባባይ የቆሙለት አንዱ ነገር የድሃው ልጅ ነበር። መንግሥትም ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ። አንድ መንግሥት በጥናትና በዕቅድ አራተኛ ክፍል ላይ ሊያቆመው ያልቻለውን ልጅ እኔ፣ የእነዚያ መምህራን ወራሽ፣ ሰባተኛ ክፍል ላይ በእስክሪብቶ አቆምኩት።

በዚያው በ2002 ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ወደ አሞራ ገደል ሄድኩ። አባትየው ጀልባው አጠገብ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። ወዲያው አወቀኝ፤ ብድግ ብሎ ድንጋዩን በነጠላው ጠርጎ «ይቀመጡ መምህር» አለኝ። ልጁ ዝዋይ ሐይቅ ወርዶ ከሌሎች ጋር ያጠምዳል። «እርስዎ እውነቱን ባይነግሩኝ ስንት ዓመት በከንቱ ይደክም ነበር» ብሎ አመሰገነኝ። የመጣሁት ልናገር ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «ቆሮሶ አለ ዛሬ?» የሚል ነው። ሁለት ዓሣ ጠቅልሎ ሰጠኝና ከመምህር ገንዘብ አልቀበልም አለ። ያን ዓሣ ቤቴ ድረስ ተሸክሜ ሄድኩ። ከመጀመሪያው ጥፋት ይህኛው የከፋ ነው እላለሁ፤ የመጀመሪያውን ሳላውቅ ነው ያደረግሁት፣ ይህን ግን እያወቅሁ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። ጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ሆነ፤ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፣ 3.3 በመቶ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ። መጽሐፍ ለስንት ተማሪ አንድ ይደርስ እንደነበር፣ በወረርሽኙና በጦርነቱ ስንት ወር እንደባከነ አንድ ሰው አነሳ። ሌላው ግን እጁን አወናጭፎ «የዛሬ ልጅ ፍላጎት የለውም» አለ፤ ብዙዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። የእኔ ቃል ነበር። በአንድ ካርድ ላይ የጻፍኩት አሁን በመቶ ሺዎች ላይ እየተጻፈ ነው። ስኒዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

ያደረግሁትን ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «ለበደልከው ሰው ነግረሃል?» አሉኝ። አልነገርኩም አልኳቸው። «እንግዲህ ሂድ» አሉኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

አባትየው አርጅቷል፤ አሁን ሐይቅ አይገባም፣ ዳር ሆኖ መረብ ይጠግናል። በዚህኛው ጊዜ ሳልቀመጥ ነገርኩት። ልጁ ፍላጎት አልነበረውም ያልኩት ሐሰት ነው፣ እንቅልፉን አይቼ ነው የፈረድኩት፣ ማታ ሲያጠና ያየኸው ልክ ነበር አልኩት። መርፌውን ያዝ እንዳደረገ ብዙ ቆየ። ቀጥሎ የጠየቀኝን አልጠበቅሁም፦ «ካርዱ ሣጥን ውስጥ አለ። ይፋቃል?»

አይፋቅም አልኩት። ከሥሩ ግን መጻፍ እችላለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ካርዱን ከዕድሩ ደብተር ጋር በላስቲክ ጠቅልሎ አመጣው። የእኔ ጽሑፍ ሰማያዊነቱ ደብዝዟል፤ ይነበባል ግን። ከሥሩ «ይህ አስተያየት ስህተት ነው። ልጁ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ እየሠራ ይማር ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀኑን አኑሬ ፈረምኩ። አራተኛ ክፍል የምትማር የልጅ ልጁ ጮክ ብላ አነበበችለት። እንደገና አስነበባት። ወዲያው ስልክ አወጣና ለልጁ ደወለ፤ ልጁ አሁን ጫሞ ሐይቅ ላይ የሚሠራ የሁለት ልጆች አባት ነው። አባትየው በቋንቋቸው ነገረው። ስልኩን ወደ እኔ ሊያቀብለኝ ሲል ልጁ ከወዲያ አንድ ነገር ተናገረ፤ ስልኩ ተዘጋ። «ሥራ ላይ ነኝ ይላል» አለኝ አባትየው ዓይኑን ሳያነሳ። እስከ ዛሬ አላነጋገረኝም፤ የማነጋገር ዕዳም የለበትም።

ባልደረቦቼ፣ ሰኔ ሲመጣ ያችን መስመር ትሞላላችሁ። ከመሙላታችሁ በፊት ልጁን ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠይቁት።